ከአስፋልቱ ሥር ሦስት ደረጃ

ሰኔ 14 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለጥርሶ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። አንቺ ደህና ከሆንሽ እኛም ደህና ነን። እትዬም ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነችም፤ ጉልበቷም ቢሆን ከሕመሙ ወሬው ይበዛል።

የምሥራች አለኝ። መንገዳችን አስፋልት ሊለብስ ነው! አዎ፣ ያ በበጋ አቧራው፣ በክረምት ጭቃው አላስወጣ ይለን የነበረው የራሳችን መንገድ። ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ መሥሪያ ቤት የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ያልወጣ ገንዘብ ተገኘ። ካላወጣነው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ከተመለሰ ደግሞ “እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አይፈልጉም” ተብሎ ለሚመጣው ዓመት ይቀነስብናል። ስለዚህ ኃላፊው ሰበሰበንና፣ “ቶሎ የሚያልቅ፣ የማንንም ቤት ማፍረስ የማይጠይቅ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚታይ መንገድ አምጡ” አለ። ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ እኔ እጄን አወጣሁ። “ከቢሯችን ጀርባ ያለው” አልኩ። ካርታውን እንኳ ሳያይ “ይሁን” አለ። የእግዜር ሥራ ነው እንጂ እኔማ ምን አቅም አለኝ።

እትዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውጃለች። “የወለድኳት ባሕር ማዶ ሄደች፣ ያሳደግኩት አስፋልት አመጣልኝ” ትላለች። ይህን ስጽፍልሽ እንዳይከፋሽ፤ ልታናድድሽ ነው የምትለው። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ደግሞ፣ “እንግዲህ ሜትር ማለቱ ቀረ፤ ከዛሬ ጀምሮ ኪሎ ሜትር ነህ” ብላ አሳቀችን።

ታዲያ መንገዱ ሲያምር በራችን ሊያሳፍረን ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከጥቁር ድንጋይ ጠርቦ የሠራቸው ሦስቱ ደረጃዎች ምንም አይወጣላቸውም። መካከለኛው ላይ ጥርስሽን የሰበርሽበት ጠርዝ ዛሬም እንደተሸረፈ ነው። በሩ ግን ቀለሙ ለቋል። ለቀለም የምትሆን ትንሽ ነገር ብትልኪ እትዬ ደስ ይላታል። ሰማያዊ ይሁን ብላለች።

የአጎትሽ ልጅ፣ በአንድ ትራስ ያደግነው፣
ሜትር


ሐምሌ 20 ቀን

ለወንድሜ ለሜትር (ኪሎ ሜትር ብዬ ግን አልጠራህም፣ ትኮራለህ)፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የእትዬን ጉልበት ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ያው ነው። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ከመሬት በታች መሆኑን ነግሬህ ነበር። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለችን፣ በእሷ የምናየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው። ከፊት ይልቅ ጫማ ማወቅ ጀምሬያለሁ። ዘበኛውን በመንገድ ባገኘው ቀና ብዬ ሳላየው ሰላም የምለው ይመስለኛል።

የቀለሙን ልኬያለሁ። ተርፎ ከተገኘ ለእትዬ ካልሲ ግዛላት። መንገዱ ስላማረ ደስ ብሎኛል፣ የእውነት። ደስ ሲለኝ ደግሞ አባዬ ትዝ አለኝ። እነዚያን ድንጋዮች ሲጠርብ እትዬ “ለምን ሦስት? አንድ አይበቃም? ጉልበቴን ልትጨርሰው ነው” ስትለው፣ “ውሃ ሰው አያከብርም፣ ከፍ ብለሽ ጠብቂው” ይላት ነበር። ያን ጊዜ ጎርፍ አይተን አናውቅም። ሰውዬው ሥጋቱ ይበዛ ነበር።

ጽፈህ አትጥፋ። ስልኩ ያለው በልብስ ሰፊዋ ሱቅ ነው፤ እትዬ እሷን ስለምታፍራት “ደህና ነኝ” ብቻ ብላ ትዘጋዋለች።

እህትህ


ነሐሴ 9 ቀን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለጥርሶ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሰነበትሽ ማለትስ ያሳፍራል፤ ከጻፍኩልሽ ዓመት አለፈኝ። ጥጋብ ነው ብለሽ አትቀየሚኝ፣ ሥራ ነው። እኛ ሁላችን ፈጣሪ ይክበር ይመስገን ደህና ነን።

አዲስ ወሬ ብትይኝ፣ መንገዳችን እንደገና አስፋልት ለበሰ። ተበላሽቶ አይደለም። ሰኔ ሲመጣ እንደገና ያልወጣ ገንዘብ ተገኘና ኃላፊው፣ “ያ ያምናው መንገድ መልካም ነበር፤ ማንም አልከሰሰን፣ ማንም አላለቀሰብን” አለ። ተቋራጩም ያው ያምናው ነው። እሱ መንገዱን ያውቀዋል፣ መንገዱም እሱን።

በውሉ መሠረት የድሮው አስፋልት ተፍቆ ከተነሣ በኋላ ነው አዲሱ የሚነጠፈው። ለመፋቂያው ተከፍሏል። ጊዜ ግን አልነበረም፤ ሰኔ ሠላሳ ማንንም አይጠብቅም። በአሮጌው ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አዲስ አስፋልት ሆነ። በየዓመቱ አንድ አንድ ስንዝር ከፍ አለና ከሦስቱ ደረጃ የላይኛዋ ብቻ ቀረች። የጥርስሽ ደረጃ ተቀበረች፣ ነፍሷን ይማር። እትዬ ግን ለጉልበቷ ተመችቷታል። “እኔ መንገዱን መጠየቅ ሲያቅተኝ መንገዱ ሊጠይቀኝ መጣ” ትላለች።

መንገድ በመረከብ ሥራ ላይ የነበሩትን ሽማግሌ ታስታውሻቸዋለሽ፣ ባርኔጣ የማይለያቸውን። “ያልተፋቀውን ተፍቋል ብዬ አልፈርምም” አሉ። አሁን መዝገብ ቤት ተዛውረው አቧራ ያራግፋሉ። ቦታቸውም ባዶ አላደረም። እንዲያው ሳልነግርሽ፣ እኔም ትንሽ እድገት አግኝቻለሁ።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ ደፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አልገባም። ለማንኛውም ከበሩ ፊት ቦይ ብናወጣ ጥሩ ነው። የምትችይውን ያህል ብትልኪ።

ሜትር


ጥቅምት 2 ቀን

ለወንድሜ ለሜትር፣

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን አደግክ። ምን ሆነህ እንዳደግክ ግን አልጻፍክልኝም።

የቦዩን ልኬያለሁ። ቢሆንም ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ አልገባኝም። አስፋልት እንደ ብርድ ልብስ ይደራረባል እንዴ? ለመፋቂያው ከተከፈለ ያልፋቀው ሰው ገንዘቡን ምን አደረገበት? ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ ከሥሩ ንገረኝ። ሽማግሌውስ መዝገብ ቤት የገቡት እውነት ስለተናገሩ ነው? አንተ ይህን ስትጽፍ እንደ ቀልድ ነው የጻፍከው። እኔ አልሳቅኩም።

እትዬን በስልክ “መንገዱ እንዴት ነው?” ብላት፣ “ቀርቦናል” አለችኝና ዘጋችው።

እህትህ


ሐምሌ 28 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው የበዛ ነው። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ብርዱስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ መልሱ የዘገየው ቤት ስቀይር ነው። አዲስ ከተሠሩት ፎቆች በአንደኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አገኘሁ። ኪራዩ አይከብድም፤ ባለቤቱ የማውቀው ሰው ነው። ውሃ አለው፣ ፀሐይ አለው። እትዬን “ነይ፣ አንዱ ክፍል ያንቺ ነው” አልኳት። “ደረጃ አይሆንልኝም” አለችኝ። ዘንድሮ ደግሞ ደረጃ ጠላች።

መንገዱ ዘንድሮም ለብሷል። አሁን ከደፋችን እኩል ነው። ደረጃ የሚባል የለም፤ ከመንገድ ወደ ቤት ስትገቢ እግርሽን እንኳ አታነሺም። ጎረቤቶቻችን ዕቃ በጋሪ እስከ አልጋቸው ድረስ ማስገባት ቻሉ።

የቤቱን ወለል ከፍ አድርገነዋል። ተቋራጩ ስለ እትዬ ሰምቶ፣ ለነፍሱ ብሎ፣ ጠጠር የሞላ መኪና ላከልን። ሠራተኞቹም የእሱ ናቸው። አንድ ቀን ነው የፈጀባቸው። ጥሩ ሰው ነው፤ ሰው ስለሱ የሚያወራው ሌላ ነው። ወለሉ ሲነሣ ጣሪያው ቀረበና አምፖሉ ግንባሬን ይመታኛል። ልብስ ሰፊዋ “እሰይ፣ ጎንበስ ማለት ተማርክ” አለችኝ። ሁልጊዜ ነገር አታጣም።

ገንዘብ አትላኪ። ምንም አልጎደለብንም።

ሜትር


መስከረም 19 ቀን

ለሜትር፣

እንዴት ከረምክ? እትዬስ እንዴት ከረመች? እኔ ደህና ነኝ።

ስንት ዓመት ጻፍክልኝ! ለቀለም፣ ለቦይ፣ ለመድኃኒት፣ ለመነጽር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለማላውቀው ሰው ለቅሶ። አንድም ቀን አልከፋኝም። “ላኪ” ስትለኝ ቤቴ ከእኔ አንድ ነገር እንደሚፈልግ አውቅ ነበር። አሁን “አትላኪ” አልከኝ። ገንዘብ የማይጠይቅ ዘመድ ያስፈራኛል፤ ከሌላ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው።

ጠጠር በነፃ፣ ሠራተኛ በነፃ፣ ቤት በርካሽ። ተቋራጭ ለነፍሱ ሲል አሮጊት ቤት ጠጠር የሚደፋበት ዘመን መጣ እንበል። ታዲያ ያን ጠጠር መንገዱ ላይ ደፍቶ እኛን ማን ቀበረን? እሱ አይደለም እንዴ?

እኔ ከመሬት በታች የምሠራው ተከፍሎኝ ነው። ቧንቧ ሲፈነዳ የውሃ መምጠጫው ይጮኻል፣ አለቃው ይሮጣል፣ በመሰላል ያስወጡናል። እናቴ ከመንገድ በታች የምትገባው ማን ወስኖባት ነው? አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ሽማግሌው መዝገብ ቤት ከገቡ ወዲህ ያን መንገድ የሚረከበው ማነው?

እህትህ


ሚያዝያ 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለጥርሶ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ወራት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። አንድ ጊዜ ሱሪው ታጥቦ መጣና “አሁንስ ጠፋልኝ” አልኩ። ፖስታው ብቻ ነበር የረጠበው።

እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ይቅር በይኝ ልልሽ አይደለም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሦስት ሆነን መንገዱን እንሄድበታለን። ተቋራጩ ከኋላ ይከተላል። አንድ ቦታ ቀዳዳ በስተን ውፍረቱን እንለካለን። ሥር ያሉት የድሮዎቹ ስላልተነሡ ሁልጊዜ ውፍረቱ ከውሉ በላይ ሆኖ ይገኛል! እንዲህ ያለ ወፍራም መንገድ የትም የለም። ባለፈው ዓመት ከላይ የመጡት ሰዎች “ምስጉን ሥራ” ብለው ለመሥሪያ ቤታችን ጽዋ ሸልመዋል። ጽዋው ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ብዕሮቹን ያስቀምጥበታል። ከዚያ እኔ እፈርማለሁ፣ ከዚያ ምሳ እንሄዳለን።

የመጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። ኃላፊው አይቶኝ “ብርድ ነው?” አለኝ። በሁለተኛው ዓመት ርቦኝ እንደነበር ብቻ ነው የማስታውሰው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ፣ እኔን ደግሞ ሳያስቀኝም ወሰደኝ። አንዳንድ ጊዜ ራሴን “አሁን ምን ተሰማህ?” ብዬ እጠይቀዋለሁ። ምንም። ጥርስ ሲነቀል መርፌ ከወጉት በኋላ እንዳለው ድድ ነው፤ ብትነክሺውም ያንቺ አይመስልሽም።

እኔ ባልፈርም ሌላው ይፈርማል፣ መንገዱም መልበሱ አይቀርም። እኔ ካለሁበት ቢያንስ ለእትዬ ጠጠር ይገኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ ሰዎቹ። እኔ ግን በልቼም አልጠገብኩም፣ ቢሽሩኝም የሚቆጨኝ አይመስለኝም።

ደፉ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ግንብ ገንብተናል፣ ውሃ እንዳይገባ። ለዚያ ሲባል በሩ ከታች ተቆረጠ። ሰማያዊው ቁራጭ ለማገዶ ሆነ።

ሜትር


ግንቦት 6 ቀን

ለወንድሜ፣

ጤና ላንተ ይሁን። እውነቱን ስለጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ ማለት ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። ግን ከምትዋሸኝ ይሻላል።

አልረግምህም። አንድ ነገር ልለምንህ ነው፣ እስከ ዛሬ ለምኜህ አላውቅም። የዘንድሮውን አትፈርም። “አልተፋቀም” ብለህ ተመለስ። መዝገብ ቤት ቢያዛውሩህ አቧራ ሰው አይገድልም። ከሥራ ቢያስወጡህ ሌላ እስክታገኝ ደመወዝህን እኔ እችላለሁ፤ አለቃዬን የእሑድ ሥራ ጠይቄ ፈቅዶልኛል። ቀልዴን አይደለም። ያን ፎቅ ቤት ልቀቀውና እትዬ ጋ ግባ።

እትዬ ውጪ ስትባል እምቢ የምትለው ለምን እንደሆነ ገብቶሃል? እኔን “አንድ ጉዳይ አለኝ፣ እሱን ሳልጨርስ አልወጣም” ነው የምትለኝ። የምን ጉዳይ ስላት ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ አለች ትላለች።

የሰኔን መጨረሻ እየጠበቅኩ ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

እህትህ ጥርሶ


ሐምሌ 17 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ፈርሜያለሁ።

ላለመፈረም ሄጄ ነበር ብልሽ ደስ ባለኝ። ደብዳቤሽ በኪሴ ነበር። መንገዱን ሄድን፣ ቀዳዳውን በሳን፣ ውፍረቱ ተነበበ፣ ሁሉም ሳቀ። ብዕር ሲሰጡኝ ተቀበልኩ። አላመነታሁም። ሳላስበው ነው ብልም ውሸት ነው፤ አስቤዋለሁ፣ ሐሳቡ ግን እጄ ጋ አልደረሰም።

ከዚያ ሐምሌ ገባ። መንገዱ አሁን ከደፋችን ከፍ ስላለ ሰፈሩ ሙሉ የዘነበበትን ውሃ ወደ እኛ ነው የሚያፈሰው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ ዝናቡን ሳይ ትዝ አለኝና ሄድኩ። ውሃው ግንቡን አልፎ ገብቷል። እትዬ እግሯን ሰብስባ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ጨርሳለች።

“ፈረምክ?” አለችኝ።

ማን እንደነገራት አላውቅም። “አዎ” አልኳት።

“እንግዲህ አውጣኝ” አለች።

በበሩ በኩል አይቻልም ነበር። መስኮቱ ከአስፋልቱ የጉልበት ያህል ብቻ ነው ከፍታው፤ በዚያ አወጣኋት። አዝዬ ስነሣ ሸክም የያዝኩ አልመሰለኝም፤ መቼ እንደቀለለች እንጃ። ወደ እኔ ቤት መንገድ ስጀምር ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። “ወዲያ አይደለም፣ ማዶ” አለች። ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ውስጥ ውሃ ስለገባ ማሽኗን ወደ ላይ አውጥታ፣ ፎቋ ላይ ለእትዬ አልጋ አንጥፋ ጠብቃታለች። ወንበር ላይ ሳስቀምጣት፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምኩዎት” አለችኝ፤ የማታውቀው ባለሥልጣን የሸኛት ይመስል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ስወርድ ያሰብኩት ጫማዬ መበላሸቱን ነበር። እንዳለ ነው የምጽፍልሽ።

በሩን ደፍነነዋል።

ሜትር


ነሐሴ 2 ቀን

ሜትር፣

እትዬ ደወለችልኝ። ዛሬ ልብስ ሰፊዋን አላፈረቻትም።

ጉዳይሽ ምን ነበር አልኳት። እንዲህ አለችኝ፣ ቃሏን ሳልለውጥ፦ “ልጁን ስጠብቀው ነበር። ክፉ ልጅ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እኔ ከዚያ ጉድጓድ ካልወጣሁ አንድ ዓመት አይቶኝ ያፍራል፣ አፍሮም ይተወዋል ብዬ ነው። በየዓመቱ ‘ዘንድሮ’ እላለሁ። ብወጣማ ማንን አይቶ ሊያፍር ነው?” ሦስት ክረምት ከውሃው ጋር የተቀመጠችው አንተን ስትጠብቅ ነው። አንተ ጉልበቷ ነው አልክ፣ እኔ ግትርነቷ ነው አልኩ።

አሁን ከመስኮቱ ሥር ስታልፍ እንደምታይህ እወቅ። አታለቅስም። ልብስ ሰፊዋ “የሸሚዝ ቁልፍ ትተክልልኛለች” ብላኛለች።

ከእንግዲህ ስለ መንገዱ አልጠይቅህም። አንድ የምፈልገው ነገር አለ። ሦስቱ ደረጃዎች ከአስፋልቱ ሥር አሉ። አልነቀላችኋቸውም፣ አልፈቃችሁምና። አንድ ቀን መንገዱ በሆነ ምክንያት ከተቆፈረ እነሱን አውጥተህ ልብስ ሰፊዋ ግቢ አስቀምጥልኝ። የአባቴ እጅ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የመኪናውን እኔ እከፍላለሁ። ይህን እንኳ አድርግልኝ።


ጥር 23 ቀን

ይድረስ ለውድ እህቴ ለጥርሶ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን፣ ከዚያም ሥራሽን እጠይቃለሁ። ካለሽበት ሰላም ሁኚ። እኔ ደህና ነኝ። እትዬንም በየቀኑ አያታለሁ፤ ቀለል ያለ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ጉልበቷ ተሽሏታል ይላሉ።

ካለፈው ደብዳቤሽ በኋላ ስላልመለስኩልሽ ትቀየሚ ይሆናል። መንገዱ ተቆፈረ። የመብራት ገመድ ለመቅበር ነው፤ ሌላ ጨረታ፣ ሌላ ተቋራጭ፣ ለቁጥጥሩ ግን ያው እኔ። ቦዩን ከእኛ ቤት ፊት ለፊት አሳለፉት። ኃላፊው ሊያይ መጥቶ ነበር፣ ጽዋውን ያስገኘለት ተቋራጭም አብሮት ነበር። ሦስታችንም አፋፉ ላይ ቆመናል።

ቆፋሪዎቹ ሲወርዱ ንብርብሮቹ በግልጽ ታዩ። ጥቁር፣ ጠጠር፣ ጥቁር፣ ጠጠር፣ እንዲያ እያለ እስከ ታች። አንቺ ያልሽው ብርድ ልብስ ነው። ከታች ሦስቱ ደረጃዎች ብቅ አሉ። አንዲት ጭረት የለባቸውም። ትናንት የተሠሩ ይመስላሉ፣ የተሸረፈው ጠርዝም እንዳለ ነው።

አንዱ ቆፋሪ መዶሻውን ቁጭ አድርጎ በእጁ ጠራረጋቸው። “ጌታው፣ ይህ እኮ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ደህና እጅ ነው የሠራው። ባለቤት አለው?” አለኝ።

ባለቤት አለው ብል ኃላፊው “የማነው?” ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው “እንዴት ሳይነካ እዚህ ቆየ፣ ተፍቆ አልነበረም እንዴ?” ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ ብልሽም ሰበብ ይሆንብኛል። ማንም ገና ምንም አላለኝም ነበር። ኃላፊው ሰዓቱን ነው የሚያየው፣ ምሳ ደርሷል።

ከማዶ፣ ከላይ፣ የስፌት ማሽኑ ይሰማ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው ማለት ነው። ቀና ብዬ አላየሁም።

“ባለቤት የለውም” አልኩት። “ስበረው፣ ገመዱ በዚያ ነው የሚያልፈው።”

መካከለኛው ቀድሞ ተሰበረ። ማሽኑ ቆመ። ሰውዬው የቀሩትን ሁለቱን እስኪጨርስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ቦዩ ላይ ሰኔ ሲመጣ አስፋልት ይነጠፍበታል።

እጄን አየሁት። አልተንቀጠቀጠም።

የአጎትሽ ልጅ፣
ሜትር